ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ስንት ልጅ አዋለድሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጤና ረዳት የነበረች ሴት ሥራዋ ማዋለድ ብቻ ይመስላቸዋል። አዋልጃለሁ፤ ደስታው አሁንም ልቤ ውስጥ አለ። ነገር ግን የሥራ ዘመኔን የበዛውን ያሳለፍኩት የሰው አፍ ከፍቼ በማየት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ የጥርስ ሐኪም ነበርሽ እንዴ ይለኛል። አልነበርኩም። የአንዲት ሴት አፍ በወጉ ሳላይ ስለቀረሁ ነው ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን አፍ ሁሉ ሳይ የኖርኩት።

ዛሬ ሬዲዮ ስከፍት ስለ ካንሰር ይነገራል። ትንባሆ ተዉ፣ መጠጥ ቀንሱ፣ ጎመን ብሉ፣ ተንቀሳቀሱ ይላል፤ ከዚያ ዘፈን ይቀጥላል። እንዲህ እንደ ዋዛ መነገሩ ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ ይህንኑ መናገር እኔን ከቦታዬ አስነስቶኛል።

የተወለድኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤተሰባችን የወንጌል አማኝ ነው፤ ሰዉ «ጴንጤ» ይለናል፤ ያኔ ቃሉ ስድብ ነበር። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሰዉ ቤት ተደብቀን መዝሙሩን በሹክሹክታ ስንዘምር ነው ወጣትነቴ ያለፈው። ስሜን ማርታ ያለኝም አባቴ ነው።

የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ስጨርስ የተመደብኩት ኮምቦልቻ፣ ከገበያው ዝቅ ብላ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። ከደሴ ብርድ ወጥቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ስጨርስ ሙቀቱ ፊቴን እንደመታኝ ትዝ ይለኛል። ደመወዜ ለእኔና ለታናናሾቼ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ተፈራ ደግ ሰው ነበሩ፤ ብቻ በየወሩ ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርት እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ከላይ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ሰው ታከመ የሚል ነው። ስንቱ ዳነ ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ናቸው። የሐርቡ ሰው ናቸው፤ ያኔ ሃምሳን አልፈዋል። ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ይባላሉ እንጂ ከእኛ ከወረቀት ባለቤቶቹ ሁሉ የበለጠ ያውቁ ነበር። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከታጠቡም በኋላ ፎጣ አይነኩም፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው በነፋስ ያደርቁታል። አዲስ በሽተኛ ይህን ሲያይ ዱዓ የሚያደርጉ እየመሰለው «አሚን!» ይል ነበር። እሳቸውም አያርሙትም። «ዱዓም ቢሆን አይጎዳም» ይሉኛል ቀስ ብለው።

ጉሮሮዬን፣ ድዴን፣ ምላሴን ብሎ የመጣን ሰው ክፍሉ ውስጥ አያዩትም። ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግተው ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። በሁለት ንጹሕ እንጨት ጉንጩን ወዲህና ወዲያ ይገልጣሉ። ምላሱን በፋሻ ይዘው ወደ ጎንና ወደ ጎን ይስባሉ፤ ከምላሱ ሥር፣ ከከንፈሩ ውስጥ፣ ከመንጋጋው ኋላ ያያሉ። ከዚያ እንጨቱን አስቀምጠው በጣታቸው ይዳስሳሉ። በመጨረሻም ከበሽተኛው ኋላ ይቆሙና ከአገጩ ሥር ጀምረው እስከ ትከሻው ድረስ አንገቱን በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ ይፈትሻሉ።

«ዓይን ይቸኩላል፤ ጣት አይቸኩልም» ይሉኝ ነበር። «ለስላሳ ከሆነ፣ ሲነኩት ካመመው፣ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ብዙ አትስጊ። እንደ ድንጋይ ከጠጠረና ካላመመው፣ ከሥሩ ጋር ከተጣበቀ ግን ያኔ ስጊ።»

«አፍ ውስጥ ያለ ቁስልስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አፍ ቶሎ የሚድን ሥጋ ነው። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት። ያን አልፎ ካልዳነ ቁስል ነው ብለሽ አትሸንግዪው። ወደ ደሴ ላኪው።»

ሰምቻለሁ፤ ደብተሬም ላይ ጽፌዋለሁ።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። ጋሽ ይማም ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሰፈረበት መጠለያ ተላኩና እኔ ከአንድ ጀማሪ ረዳት ጋር ጣቢያው ላይ ቀረሁ። የዚያን ጊዜውን ብዛት መናገር አይቻልም። ወባው፣ ግርሻው፣ ተቅማጡ፣ በሩ ላይ የተኛው ሰው። ጠዋት ስገባ ሰው ተሻግሬ ነው የምገባው።

እትዬ ዘይነባ የመጡት በዚያ መሀል ነው። ከሐርቡ ቅቤ እያመጡ ኮምቦልቻ የሚሸጡ፣ አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ ሳቂታ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተው ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። የታችኛውን ከንፈራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ከድዳቸው በታች የጥፍር ያህል ቁስል አለ።

«እታለም፣ ይቺ ነገር በርበሬ ከለከለችኝ እኮ! ወላሂ፣ በርበሬ ካልበላሁ ምኑን ወሎዬ ሆንኩት?»

ሳቅሁና ያንን ሐምራዊ የቁስል ቀለም ቀባሁላቸው። ጊዜው ሐምሌ ነበር። በሁለተኛው ወር መጡ፤ እንደገና ቀባሁ፣ መርፌም ወጋሁ። ሦስተኛ ጊዜ መጡ። በሩ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ትጮህ ስለነበር ዓይኔ እዚያ ሆኖ፣ እጄ ብቻ እየሠራ ቀባሁላቸው። አራተኛ ጊዜም መጡ። በመጡ ቁጥር እያመሰገኑኝ ይሄዳሉ። ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አላዞርኩም። ጣቴን አላስገባሁም። አንገታቸውን አልነካሁም።

ኅዳር ላይ ጋሽ ይማም ተመለሱ። ከስተዋል፤ ንግግራቸውም ቀንሷል። በተመለሱ በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘይነባ ገበያ ውለው ጎራ አሉ። ጋሽ ይማም ሰላምታ እየተለዋወጡ ወንበሩን ወደ በሩ ሳቡ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። እየተጫወቱ አፋቸውን አዩ፤ እየተጫወቱ ከኋላቸው ቆመው አንገታቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ጨዋታው ቆመ። ቀና ስል የጋሽ ይማም እጅ ከእትዬ ዘይነባ መንጋጋ ሥር እንደቆመ ነው። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ነይ እጅሽን ስጪኝ» አሉኝ።

ጣቴን ወስደው አስቀመጡት። እንደ ባቄላ ፍሬ የጠጠረ፣ ብገፋው የማይሄድ ነገር ነካሁ።

«ያምዎታል?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም! ቁስሏ ናት እንጂ እሱስ ምንም አይለኝ» አሉ።

በማግስቱ እኔው ራሴ ደሴ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ቀዶ ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አያቸው። እሳቸውን ውጭ አስቀምጦ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። መንጋጋ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል አለ። «ሲጀምር መጥተው ቢሆን ቆርጬ አወጣው ነበር» አለ። ማን እንዳዘገያቸው አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ስመለስ ጋሽ ይማም የእትዬ ዘይነባን ካርድ ከመደርደሪያው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። አልተቆጡም።

«አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩ። የአፍ ቁስል፣ ቀለም ተቀባ። የአፍ ቁስል፣ ቀለም ተቀባ፣ መርፌ ተሰጠ። የአፍ ቁስል፣ ቀለም ተቀባ። በራሴ እጅ ጽሕፈት አራት ጊዜ።

«እትዬ ዘይነባ ሱረት ያደርጋሉ?» አሉኝ ጋሽ ይማም። ሱረት የላመ ትንባሆ ነው፤ ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ ከታችኛው ከንፈር ሥር ይደረጋል።

«አላውቅም።»

«ሃያ ዓመት አድርገዋል። ቁስሉ ያለበት ቦታ የሱረቱ ቦታ ነው። አንቺ በቀባሽበት ላይ እሳቸው ሱረት ሲጨምሩ ነው የከረሙት። የት ጻፍሽው?»

የትም አልጻፍኩትም፤ አልጠየቅኳቸውማ።

ጥር ላይ ሁለታችን ሐርቡ ሄደን ጠየቅናቸው። ፊታቸው በአንድ ወገን አብጦ፣ በሻሽ ተሸፍኖ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወተት እንኳ በግድ ነበር የሚውጡት። እውነቱን ልነግራቸው፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የሄድኩት። አጠገባቸው ተንበርክኬ «እትዬ ዘይነባ፣ እኔ...» ስል እጄን ያዙኝ።

«እታለም፣ አብሽሪ» አሉኝ በተኮላተፈ አፍ። «ያንቺ ቀለም ነው እስካሁን ያቆየኝ። ያለ አንቺማ ይኸኔ አፈር ነበርኩ።»

ለልጆቻቸውም «ይቺ ናት ያቆየችኝ» ብለው አሳዩኝ። ልጃቸው እጄን ሳመች። እኔ የያዝኩትን ቃል ይዤ ወጣሁ። ይህ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞቱ።

ከቀብር ስንመለስ ጋሽ ይማም መንገድ ዳር ቁጭ አሉና ከኪሳቸው ሲጋራ አወጡ። ከልጅነታቸው ጀምረው የሚያጨሱ ሰው ናቸው። ሊለኩሱ ሲሉ ቆሙ።

«እትዬ ዘይነባን አንድ ጊዜ ሱረታቸውን አይቼ ጎጂ ነው ብያቸው ነበር» አሉ። «ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹አንተስ የምታጨሰው ምንድነው?› አሉኝ። ሳቅሁና ተውኩት። አንቺ ካርዱ ላይ አልጻፍሽም። እኔ ደግሞ እያወቅኩ ዝም አልኩ። የቱ ይብሳል?»

ሲጋራውን ሰብረው ጣሉት። ፓኮውንም ጣሉ።

ታሪክ ተናጋሪ እዚህ ላይ «ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭሰው አያውቁም» ይላል። እውነቱ እንዲያ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ከጣቢያው ጀርባ ሲያጨሱ አገኘኋቸው፤ እንደ ልጅ ደበቁት። እንደገና ተዉ፣ እንደገና ጀመሩ። መርፌ ሲወጉ እጃቸው የሚንቀጠቀጥበት ሳምንት ነበር፤ እኔ እየወጋሁላቸው እሳቸው ካርድ ይጽፉ ነበር። ኪሳቸው በሽንብራ ቆሎ ተሞላ። ሲጋራ ባማራቸው ጊዜ ሁሉ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ በሽተኛ ሲያናግሩም ኮሽ ኮሽ ይላሉ። ብስጩ ሆኑ፤ አቶ ተፈራን እንኳ ተቆጡ። ሰባት ወር ፈጀባቸው። አንድ ቀን ጠዋት መጥተው «የሳሙናው ሽታ ሸተተኝ! ለካ ሽታ ነበረው!» ሲሉኝ እንደተገላገሉ አወቅሁ።

ከዚያ ነው ማስተማር የጀመርነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ካርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ በግቢው ዛፍ ሥር ተራ የሚጠብቀውን ሰው እናናግራለን። የምናውቀው ጥቂት ነበር። ሲጋራና ሱረት ተዉ። አረቄ ከትንባሆ ጋር ሲሆን ጉሮሮን ይበልጥ ይጎዳል። የሻገተ ማሽላ ታጥቦ አይድንም፣ ለከብትም ቢሆን አትስጡት። ገንፎውን ከእሳት እንደወጣ አትዋጡ፣ ይብረድላችሁ። ማድቤቱ ጭስ ማውጫ ይኑረው። ጎመኑን፣ ዱባውን የድሃ ምግብ ነው ብላችሁ አትናቁት። የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቶ ደም ያየች ሴት፣ ጡቷ ላይ የማያም እብጠት ያገኘች ሴት አፍራ ቤቷ አትቀመጥ። ጋሽ ይማም ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቁኝ ነገር ነበር፤ «ይህን ያደረገ አይታመምም ብለሽ እንዳትምዪ። የታመመውንም ጥፋትህ ነው እንዳትዪው።»

አንድ ሰኞ አንድ ሸህ ከሰዉ መሀል ተነሡ። «አባቴ ዕድሜ ልኩን ሱረት አድርጎ በእርጅና ነው የሞተ። እህቴ ትንባሆ ነክታ አታውቅም፤ በጡት ነቀርሳ ሞተች። ይህን ምን ትዪዋለሽ?»

ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ጋሽ ይማም ቆሏቸውን ዋጥ አድርገው ጠየቋቸው።

«ሸህ፣ ሐርቡን ያውቁታል?»

«እንዴታ! እዚያው ተወልጄ።»

«ረግረጉ ዳር የሚተኛና ዳገቱ ላይ የሚተኛ፣ ወባ የቱን ይበልጥ ይይዛል?»

«ረግረጉ ዳር ያለውን ነዋ።»

«ረግረጉ ዳር ኖሮ ያልተያዘ የለም?»

«አለ። አላህ የጠበቀው አለ።»

«ዳገት ላይ ኖሮ የተያዘስ?»

«አለ፤ ጥቂት ነው።»

«እኛም ዳገት ውጡ ነው የምንል። ሌላውን የሚያውቀው አላህ ነው።»

ሸሁ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔም ይህንኑ ነው ስናገር የኖርኩት።

ነገሩ ግን ቀበሌ ደረሰ። አረቄ የሚያወጡ ሴቶች አዘኑብን፤ በእነሱ አልፈርድም፣ የሚበሉት ከዚያ ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተጠርቼ ሄድኩ። ሊቀመንበሩና አንድ ካድሬ ተቀምጠዋል። ካድሬው ከፊቱ ወረቀት ዘርግቷል።

«ጓድ ማርታ፣ ሕዝቡን እየሰበሰብሽ ምንድነው የምትዪው?»

«ስለ ጤና አስተምራለሁ።»

«ትንባሆ ተዉ፣ አረቄ ተዉ። ይህን የሚል ማን ነው?»

«ጤና ረዳት ነው።»

«ጴንጤ ነው!» ጠረጴዛውን መታው። «አባትሽ ማን እንደሆነ፣ ደሴ የማን ቤት እንደምትሰበሰቡ እናውቃለን። ጤና እያልሽ ሃይማኖት ትሰብኪያለሽ!»

በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ቃል ሰው ለዓመታት ይታሰር ነበር። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ጋሽ ይማም ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ገቡ።

«እኔ እስላም ነኝ» አሉ ሳይቀመጡ። «ጁምዓ ቀርቼ እንደማላውቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም ትንባሆ ተዉ እላለሁ። እንግዲያው እኔንም ጴንጤ በሉኛ!»

በር ላይ የቆመው ታጣቂ ሳቅ አመለጠው። ካድሬው አልሳቀም። ጋሽ ይማምን አስወጧቸው፤ እኔ ሦስት ቀን ቀበሌው እስር ቤት አደርኩ። አባቴን ግን አልነኩትም። ስወጣ፣ ያለፈቃድ ሰው ሰብስቤ ላላስተምር ፈረምኩ። በወሩ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ መጣና ከደሴ በስተምዕራብ ወዳለችው ገራዶ ተዛወርኩ። አቶ ተፈራ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ፊቴን አላዩኝም። «ምን ላድርግ፣ ልጄ» ብቻ አሉ።

ገራዶ ላይ ሰው አልሰበሰብኩም። አንድ በአንድ ግን አፍ መክፈት ማንም አልከለከለኝም። ወንበሬን በሩ ላይ አደረግሁና ሰውየው በምንም ይምጣ በምን አፉን አያለሁ። አቶ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ ማጭድ እጃቸውን ቆርጧቸው መጡ። ሰፋሁላቸውና «አፍዎን ይክፈቱልኝ» አልኳቸው።

«እጄን ነው እንጂ የተቆረጥኩ፣ አፌን ምን ልታደርጊው?»

«ልየው ብዬ ነው።»

«ኧረ ይቺ ልጅ! እንደ በሬ ልትገዛኝ ነው እንዴ?» አሉ፣ ግን ከፈቱ። ሱረት ከሚያደርጉበት ቦታ ላይ ድዳቸውና የከንፈራቸው ውስጥ ነጭ ሆኖ ተኮማትሯል፤ ብጠርገው አይለቅም። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ገና ለስላሳ ነው። አንገታቸውን ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። መስታወት ሰጠኋቸውና አሳየኋቸው።

«ይህ ዛሬ ካንሰር አይደለም፣ አቶ ሰይድ። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሱረቱን ከተዉት ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው። ካልተዉት ወዴት እንደሚሄድ ያየሁት አለ።»

«ምን አየሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የእትዬ ዘይነባን ነገር ለሰው ተናገርኩ። ስማቸውን ሳልጠራ፣ የእኔን ጥፋት ግን ሳልደብቅ። አራት ጊዜ እንደቀባሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልዳሰስኩ። አቶ ሰይድ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ሰሙኝ።

«ስለዚህ ነው ሰው ሁሉ አፉን ሲከፍትልሽ የሚውል?» አሉኝ።

«አዎ።»

በሁለት ሳምንት ተመልሰው መጡ። «ዘጠኝ ቀን ቻልኩ። በአሥረኛው ገበያ ላይ ሸተተኝና አደረግሁ። ዋሽቼሽ አልሄድም» አሉ። እንደገና እንዲሞክሩ ነገርኳቸው፤ የጋሽ ይማምን የሰባት ወር ትግልም አጫወትኳቸው። ደሴም ልኬ ሐኪም አየልኝ፤ እሱም እንደ እኔ ይተዉና ይከታተሉ አለ። ባለቤታቸው አንድ ቀን ጣቢያው ድረስ መጥታ «ምን አድርገሽብኝ ነው? እንደ ተነካ ንብ ሆነብኝ እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። አብሽሪ፣ ያልፋል አልኳት። በአምስተኛው ወር ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙሬ ስገልጠው ነጩ ነገር ከስሟል፤ የከንፈራቸው ሥጋ እንደ ሕፃን ቀይ ሆኗል። ደጋግሜ ዳሰስኩት። «ምነው ታለቅሻለሽ? ባሰ እንዴ?» አሉ ደንግጠው። አልባሰም አልኳቸው።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ጦርነቱ ወደ ደሴ እየተጠጋ ሳለ፣ ጋሽ ይማም እንደታመሙ ሰማሁ። ጡረታ ወጥተው ሐርቡ ገብተው ነበር። ስደርስ መደብ ላይ ተጋድመው ያስላሉ፤ መሐረባቸው ላይ ደም አለ። ደሴ የተነሡትን ራጅ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው በበሩ ብርሃን ላይ ዘረጉት።

«እዪው፣ ልጄ። እኔ አይቼዋለሁ።»

ግራ ሳንባቸው ላይ የቡጢ ያህል ነጭ ነገር ነበር።

«ትቼ ነበር እኮ» አሉ፤ ፈገግ አሉ። «አርባ ዓመት አጭሼ አምስት ዓመት ተውኩ። አላህ ይመስገን፣ በአምስቱ ዓመት ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ነበረኝ። የልጅ ልጄን ጭስ ሳላጠጣ አሳደግሁ። አላፈርኩበትም።»

ከዚያ ያስጨነቃቸውን ነገሩኝ። በአማርኛችን ቲቢውንም «የሳንባ ነቀርሳ» ነው የምንለው። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ሲላቸው ጎረቤቱ ቲቢ መስሎት ጽዋቸውን ለየ፤ ልጆችን ከደጃቸው ከለከለ። እሳቸው ግን የሚተላለፍ በሽታ አልነበረባቸውም።

«ስሞት ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ያኔ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ቲቢ እንዳልገደለኝ፣ ያጨስኩት እንደገደለኝ ንገሪያቸው። ስሙን ጠርተሽ። የእኔ ቃል ነው በያቸው።»

«ጋሽ ይማም፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ። በእናንተ ለቅሶ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

«የሐርቡን ኢማም አናግሬዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በሃያኛው ቀን ዐረፉ። ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ሰዉ ዳሱ ውስጥ እንደተቀመጠ ኢማሙ በሰው ልከው ከሴቶቹ መሀል አስጠሩኝ። «የይማም ኑዛዜ ነው፤ ስሟት» አሉ። የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። የቀበሌው ታጣቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ዳሱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ነጠላዬን አጥብቄ ቆምኩ።

የሞቱት በካንሰር ነው አልኩ። አይተላለፍም፤ በአንድ ጽዋ የጠጣ፣ አጠገባቸው የተኛ አይይዘውም አልኩ። ያመጣባቸው ሲጋራው እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው ንገሪ ብለውኛል አልኩ። የተዉበትን ሰባት ወር፣ ቆሎውን፣ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ተናገርኩ። ከሴቶቹ በኩል የሚስታቸው ልቅሶ ተሰማ። ስጨርስ ታጣቂው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ከፊት የተቀመጡ ጥርሳቸው የጠቆረ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «እታለም፣ እኔ ከይማም እበልጣለሁ። ሱረቱንም ሲጋራውንም ይዤ ነው ያረጀሁ። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ብተው ይጠቅመኛል?»

«ይጠቅማል፣ አባባ።»

«ስንት ዓመት ይጨምርልኛል?»

«እሱን አላውቅም። ዛሬ ቢተዉት ነገ ከመተው እንደሚሻል ግን አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ኢማሙን አዩ። ኢማሙ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቁርዓኑ ንባብ ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደሴ የሚወስደኝን መኪና መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጡ። «አፍ ታያለሽ አሉኝ» አሉ። ብቻቸውን አልነበሩም። ከኋላቸው ገበሬዎች፣ ቅቤ ነጋዴ ሴቶች፣ ጠመንጃውን ያነገተው ታጣቂም ጭምር በመስመር ቆመዋል። መኪናው አቧራውን እያስነሣ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እንዲሄድ በእጄ አመለከትኩት።